ወንድሜ ከሁለት ዓመት በላይ በድብቅ ሲከፍልልኝ ኖሯል፤ ልንገረው ወይስ እንዳላወቀ ልሁን?

የሽምብጥ ልጅ — መጋቢት 8 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንብቤ የምወጣ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን የምማከረው ሰው አጣሁ፤ እኔን የሚያውቅ ሁሉ ወንድሜንም ያውቀዋልና።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ትንሽ ዓሳ ቤት አለኝ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪዘር፣ አንዲት ረዳት። ወንድሜ በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ይበልጠኛል። የሞተር ጀልባ አለው፤ ጎብኚና ተሳላሚ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል። ጀልባው ሲያልፍ ከጠረጴዛዎቼ ይታያል፤ ጠረጴዛዎቼም ከጀልባው ይታያሉ። መከራችን ይሄ ነው። እሱ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ «ዛሬም ዓሳውን ወንበሩ ነው የሚበላው?» ብሎ ይጮኻል። እኔ ደግሞ ተሳፋሪዎቹን ቆጥሬ «ሦስት ነፍስ! ነዳጁን ማን ሊከፍልልህ ነው?» እለዋለሁ። ደንበኞቼ የምንጣላ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን። አባታችን የዘጌ ሰው ነበር፤ ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር እየሸጠ ነው ያሳደገን። ታንኳዋ ስትመለስ ከውኃ አውጥተን፣ ደንገሉ እንዲደርቅ አቁመን የምናስደግፋት እኛ ነበርን። ማን ቀድሞ አነሳ ብለን ስንገፋፋ ከነታንኳችን ጭቃ ላይ የተዘረጋንበት ቀን ብዙ ነው። ትምህርት ቤት አብረን ስለገባን አንድ ክፍል ነበርን። እኔ አንደኛ፣ እሱ አሥራ ምናምነኛ። ካርድ በመጣ ቁጥር እናታችን የእኔን አገላብጣ ታይና «ምነው ይቺ ወንድ በሆነች!» ትላለች። በአንድ አፍ ሁለት ልጅ መምታት የምትችል እናት ናት። እኔ ሴት በመሆኔ ተመታሁ፤ እሱ ወንድ ሆኖ ባለመጥቀሙ። እሷን መመለስ ስለማንችል እርስ በርሳችን ተያያዝን።

የያዝኩበት ቂም ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የአሥር ዓመት ልጆች ገደማ ሳለን አባታችን ወደ ደሴቱ ገዳም ወደ ክብራን ገብርኤል ወሰደን። እንደምታውቁት ሴት አትገባም። እኔ ታንኳዋን ስጠብቅ እሱ ከአባቴ ጋር ወጣ። ሲመለስ «እንዴት ነው?» አልኩት። «ምንም የለም፣ ግድግዳ ነው» አለኝና ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። እስክንደርስ ብነዘንዘው መልሱ «ግድግዳ ነው አልኩሽ እኮ» ብቻ ሆነ። ሃያ ስምንት ዓመት አልፎታል። ያ ንቀቱ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ዓሳ የሚያመጡልኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከኅዳር 2015 ጀምሮ ቀረሶውንም ነጩንም ዓሳ ከገበያው በኪሎ 20 ብር አሳንሰው ይሰጡኝ ነበር። በጾም ዋጋው ሲሰቀል እንኳ ልዩነቱ ያው ነው። «ደንበኛዬ ስለሆንሽ ነው» ይሉኛል፤ እኔም በክርክር የረታኋቸው መስሎኝ ስኮራ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት መረባቸውን ሸጠው ማጥመዱን መተዋቸውን ሊነግሩኝ መጡ። እምቦጩ መረብ እየጨረሰ፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው። ሒሳብ ለመዝጋት ደብተራቸውን አወጡ። ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ገጾቹ ተጣብቀው በጥፍር ነው የሚላቀቁት፤ አንዱ ገጽ ላይ የዓሳ ቅርፊት እንደ ማኅተም ተለጥፏል። በግራ በኩል የእኔ ሒሳብ አለ። በቀኝ በኩል ሌላ ሒሳብ፦ በየኪሎው 20 ብር፣ በየሳምንቱ የተከፈለ፣ ከጎኑ ፊርማ። የፊርማውን የመጀመሪያ ፊደል ጅራት አስረዝሞ ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። መምህራችን ስለዚያች ጅራት ስንት ቀን ገርፈውታል።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አልኳቸው። ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ዝም አሉ። «እንዳታውቅ ብሎኝ ነበር። እርጅና ክፉ ነው፣ ልጄ» አሉኝ ቆይተው። ደብተሩን ትተውልኝ ሲነሱ ደግሞ «1,400 ብር ቀርታለች፣ እሷ ስትሞላ ይበቃል ይል ነበር። እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ» አሉ።

ማታ ቤቱን ዘግቼ የቀኙን በኩል ደመርኩት። 38,600 ብር። ጎብኚ ጠፍቶ ጀልባው ቀኑን ሙሉ ገመዱ ላይ ሲወዛወዝ በሚውልበት በዚህ ዘመን!

ምን ላድርግ? ላመስግነው? ገንዘቡን ልመልስለት? ወይስ ምንም እንዳላየሁ ልኑር?

ቀዛፊው — መጋቢት 8

እንዳትነግሪው። ሰው የደበቀውን ነገር አውጥቶ ፊቱ ላይ መያዝ ምስጋና አይደለም፤ ልብሱን መግፈፍ ነው። ያ ሰው በየሳምንቱ ከጀልባው ወርዶ 20 ብር በ20 ብር ሲቆጥር ያስደሰተው አለማወቅሽ ነበር። ያንን ነጥቀሽ በምን ልትተኪለት ነው?

እውነት ትነገር — መጋቢት 8

ቀዛፊው የጻፉት ለጆሮ ያምራል። የእኔን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። ምክንያቱን ዛሬ ብጽፈው ትስቃላችሁ፤ የሠርግ ጥሪ ነው። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ አክስቴ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ስትረዳኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ» እያልኩ እጇን ስሜአለሁ። ወንድሜ በድንገት አረፈ። በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አክስቴ አጠገቤ መጥታ «እንግዲህ ለልጅሽ የሚከፍል የለም፤ ይከፍል የነበረው እሱ ነው» አለችኝ። በዚያ ሕዝብ መካከል፣ አፈር ካለበሱት በሦስተኛው ቀን።

ጨዋ ነው፣ ኩሩ ነው፣ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ተናድጄበታለሁ፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ኃጢአት ቢሆንም ተናድጄበታለሁ። ማመስገኛዬን ይዞብኝ ሄደ። እህቴ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ንገሪው።

የዘጌ ሎሚ — መጋቢት 9

ነፍስ ይማር፣ እህቴ።

የእኛ ቤት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ዘጌ ነን። አገሩን ለማያውቅ፦ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም፤ ኑሯችን ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ስለዚህ ሰው የሚጣላው በእርሻ ወሰን ሳይሆን በቡና ጓሮ ወሰን ነው። የእኔና የእህቴ ወሰን አንዲት የሎሚ ዛፍ ነች። ሎሚዋ የማን ናት በሚል ሁለት ዓመት ከሰሰችኝ። በየቀጠሮው በአንድ ጀልባ ባሕር ዳር እንሄዳለን፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር።

በመካከሉ ሌላ ጎረቤት ተነሣና በወዲያኛው በኩል ጓሮዬን ገፋ። ክስ አቆምኩ፣ ምስክር ተቆጠረ። የእኔ አንደኛ ምስክር ሆና የቀረበችው ማን ትመስላችኋለች? ዳኛው መዝገቡን አይተው «አንቺ ራስሽ ይህን ሰው በሌላ መዝገብ ከሰሽው የለም ወይ?» ቢሏት «ወንድሜን እኔ እንጂ ሌላ ሰው አይነካውም» አለች። መሰከረችልኝ፣ ረታሁ። በሳምንቱ የሎሚዋ ቀጠሮ ደረሰ፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደገና ከሰሰችኝ።

ሎሚዋን ማን ወሰደ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ገና ቀጠሮ ላይ ነን።

ጾመኛ — መጋቢት 9

ይቅርታ፣ ሁላችሁም አልፋችሁት ሄዳችሁ። እህታችን በዐቢይ ጾም ዓሳ ትሸጣለች ማለት ነው? ዓሳ እኮ በዐቢይ ጾም አይበላም።

አምባዛ ወዳጅ — መጋቢት 9

የሚበላው ይበላል፣ የማይበላው ይተዋል። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ይህን ክርክር በእናቱ ጡት ጠግቦታል። ይልቅ ቤቱ የት ጋ ነው?

አወያይ — መጋቢት 9

የጾሙ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር አለው፤ ወደዚያ ውሰዱት። በዚህ ላይ የተጻፉ አሥራ አራት መልሶች ተነሥተዋል። የቤቱን አድራሻ እዚህ አትጠይቁ።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ — መጋቢት 10

ለሃያ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የወንድምና የእህት መዝገብ ከሌላው መዝገብ በክብደቱ ይታወቃል፤ ይወፍራል። ሕጉ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ታላቅ፣ ታናሽ ብሎ አይለይም። የገጠር መሬት የራሱ አዋጅ ስላለው የዘጌው ወንድማችን ያንን ለጠበቃው ይተወው። የቀረው ግን አንቀጹ ግልጽ ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። መዝገቡን የሚያወፍረው ሌላ ነው፦ በ1980 ማን እናታችንን አስታመመ፣ ማን ለአባታችን ተዝካር በግ ገዛ። ሰዎች ለዳኛ የሚያመለክቱት ቤት ለመካፈል ይመስላቸዋል፤ ማመልከቻቸውን ስታነበው «አላየኸኝም» ነው የሚለው። ስንቱን እንዲህ ያለ ማመልከቻ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ።

እህቴ፣ የእናንተ ጉዳይ መዝገብ አልተከፈተለትም። ያ ሰማያዊ ደብተር ግን ከብዙ መዝገብ ይበልጣል። አትጣዪው።

ወደብ ላይ ነኝ — መጋቢት 10

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ሌላውን ለእናንተ ትቼ አንዲት ነገር ብቻ ላንሣ። ጸሐፊዋ ስለ ክብራን የነገረችን ነገር ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም።

ክብራን እንግዳ ይዤ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ አልቆጠርኩም። ሴት እንግዶች ሲኖሩኝ ጎን ካለው ከእንጦስ የሴቶች ገዳም እተዋቸዋለሁ፤ ወንዶቹን ይዤ ክብራን እወጣለሁ። ስንመለስ የሚሆነውን አውቀዋለሁና ሁልጊዜ አያለሁ። ባል ለሚስቱ ያየውን ሥዕል አንድ በአንድ ይቆጥራል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለተጻፈው፣ በሥዕል ስላጌጠው ወንጌል የነገርኩትን ይደግምላታል። ፎቶግራፉን ያሳያታል። እሱ በቆጠረላት ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

እህቴ፣ ክብራን ውስጥ «ግድግዳ ብቻ» የለም። ግድግዳው አይታይም፤ ሥዕል ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ያንን አይቶ ሲወጣ፣ አንደኛ የምትወጣበትን እህቱን ለማቃጠል ቢፈልግ ምን ይላት ነበር? በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው እሱ ያየውን አንቺ ያላየሽው። ያንን ይዞ «ምንም የለም» ብሎ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞረ ልጅ ማላገጡ ነው ብለሽ ነው?

የሽምብጥ ልጅ — መጋቢት 11

ወደብ ላይ ያሉት ወንድሜ፣ የጻፉትን ረዳቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ሽንኩርቱን አመካኘሁ። አሁን ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ለሁሉም መልስ አመሰግናለሁ። ወደ መንገር እያዘነበልኩ ነው።

ጥያቄ አለኝ — መጋቢት 11

ከመንገርሽ በፊት አንድ ነገር። ሁሉም ስለ እሱ ጻፈ። አንቺስ? በዚህ ሁሉ ዓመት ተደብቀሽ ያደረግሽለት ነገር የለም? እንደዚህ ያለ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ብቻውን አይበቅልም።

የሽምብጥ ልጅ — መጋቢት 12

ይህን ጥያቄ ባላየሁት ደስ ይለኝ ነበር።

አለ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ጎብኚው ከመጋቢት ጀምሮ በአንድ ጊዜ ድርቅ አለ። እኔና ወንድሜ አንድ እቁብ ውስጥ ነበርን፤ ሳምንታዊ 1,000 ብር፣ የሐይቁ ዳር ነጋዴዎችና የጀልባ ሰዎች የሚጥሉት። ጀልባዎቹ ሲቆሙ መክፈል አቃተው። ዕጣው ገና አልወጣለትም ነበር። አሮጌው ሞተሩ ተበላሽቶ ነበርና በእቁቡ ሌላ ሞተር ሊገዛ ነበር ሐሳቡ፤ ከእቁቡ ከወጣ ጀልባዋን መሸጡ ነው። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበላ ባይኖርም ዓሳውን እቤቱ የሚያስወስድ ሰው አላጣሁም። ሰብሳቢውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ «የእሱን እኔ እጥላለሁ፤ እሱን 'እቁብተኛው ለጀልባ ሰዎች ታግሷል' በሉልኝ» አልኳቸው። አርባ ሳምንት ጣልኩለት። ዕጣው ወጣ፣ ሞተሩን ገዛ፤ በአዲሱ ሞተር ሲያልፍ የመጀመሪያ ቀን «ድምፁን ስሚው! ያንቺ ፍሪዘር እንዲህ አይሠራም» አለኝ።

ስለ ምን አልነገርኩትም? ቢያውቅ ያን ሞተር ባስነሣ ቁጥር እኔን ሊሰማ ነው። ሰብሳቢው ነፍሳቸውን ይማርና ለማንም አልተናገሩም።

አዲስ እንግዳ 17 — መጋቢት 12

ዓሳዋን በልቻለሁ። ጨው የለውም።

አምባዛ ወዳጅ — መጋቢት 12

ወንድምየው መጣ!

የሽምብጥ ልጅ — መጋቢት 12

አይደለም። የወንድሜ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፤ ኢንተርኔት የሚባል አልደረሰበትም። ጨውን በተመለከተ ግን ከዚህ በፊትም ስሞታ ነበር፤ አያለሁ።

ደረሰኝ ያዥ — መጋቢት 13

አርባ ሳምንት በ1,000 ብር ስንት ነው?

38,600 ሲደመር 1,400ስ?

ወደብ ላይ ነኝ — መጋቢት 13

ኧረ በጌታ!

የሽምብጥ ልጅ — መጋቢት 14

የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ሳምንት ሙሉ በራሴ ውስጥ ይዤ ስዞር አንድም ጊዜ ጎን ለጎን አልጻፍኳቸውም።

አሁን ሁሉም ገባኝ። ሰብሳቢው በጥቅምት 2015 ታመው ሁለታችንም በተለያየ ቀን ጠይቀናቸው ነበር። የደብተሩ የመጀመሪያ ቀን ኅዳር 12 ነው። ሲሞቱ ይዘውት ላለመሄድ ነግረውት ይሆናል፤ ወይም እሱ ጠርጥሮ አውጣጥቷቸው። ብቻ አውቋል። አውቆም በየኪሎው 20 ብር፣ 20 ብር እያለ 40,000 ብር ሊመልስልኝ ተነሣ።

እናንተ አሁን እንባ እንዳወጣሁ ትጠብቁ ይሆናል። ተናደድኩ! ስጦታ መስሎኝ አሥር ቀን ሙሉ በእሱ ፊት አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ፤ ለካ ዕዳ እየከፈለ ነው። የእኔን ውለታ መልሶ እጄ ላይ ሊያስቀምጥ! አንዲት ነገር እንኳ በእሱ ላይ ላደርግለት አይፈቅድልኝም? ትናንት ሲያልፍ «ስንት ሰው ጫንኩ? ቁጠሪ!» ብሎ ጮኸ። አልቆጠርኩለትም። ወደ ማድቤት ገባሁ።

ቀዛፊው — መጋቢት 14

ማድቤት መግባትሽን አይቷል። ዛሬ ማታ እሱም አይተኛም።

እውነት ትነገር — መጋቢት 15

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዕዳ የሚከፍል ሰው በአንድ ጊዜ ወይም በየወሩ ይከፍላል። ይሄኛው ዓሳሽ እንዲረክስ፣ ትርፍሽ እንዲያድግ አድርጎ ነው የከፈለው። ወንበርሽ ባዶ ሲሆን ማየት ያሳመመው ሰው ነው። «ወንበሩ ነው የሚበላው?» የሚለውን ስድብ እንደገና አንብቢው።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ — መጋቢት 15

በሕግ ዓይን ዕዳ የለም። እሷ ስትከፍልለት ብድር ነው አላለችም። ያልተበደረውን የሚመልስ ሰው ስሙ ምንድን ነው? እኔ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው ፍርድ ቤት አይመጣም።

ቀዛፊው — መጋቢት 15

ማወቂያው ቀላል ነው። 1,400ዋ ስትሞላ ቢያቆም ዕዳ ነበር። ባያቆም ሌላ ነው። ጠብቂ።

የሽምብጥ ልጅ — ሚያዝያ 6

የጠፋሁት በሥራ ነው፤ ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሰዉ ይበዛል። ትናንት ሆሣዕና ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ የራሴን መዝገብ አየሁ።

አዛውንቱ በተዉ በአራተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ አጥማጅ ያለማንም ጥሪ በሬ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱን አላውቀውም። ዋጋ ጠየቅሁት፤ ከገበያው በኪሎ 20 ብር አሳንሶ ነገረኝ። እንዴት እንዲህ ረከሰ ብለው «ደንበኛዬ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። ገና ያን ዕለት ነው እኮ ያየኝ! ቃሉን እንኳ መቀየር አቅቷቸዋል።

ዝም ብዬ ገዛሁ። በ20 ብር ሒሳብ 1,400 ብር የምትሞላው በ70 ኪሎ ነው። መቁጠር ጀመርኩ። 70ኛው ኪሎ መጋቢት 27 ቀን አለፈ። እስከ ትናንት 131 ኪሎ ደርሷል፤ ዋጋው ንቅንቅ አላለም።

እኔም ዝም አላልኩም። ጎልማሳውን ጠርቼ ልዩነቱን በእጁ ሰጠሁትና «ለሚከፍልህ ሰው ዓሳው ረክሷል፣ ልዩነት የለም በለው» አልኩት። እሺ አለ።

ደረሰኝ ያዥ — ሚያዝያ 6

እሺ ብሎ ከሁለታችሁም እየተቀበለ እንዳይሆን።

የዘጌ ሎሚ — ሚያዝያ 6

ነው እንጂ! የወንድምና የእህት ጠብ ጠበቃ ያበላል፤ ፍቅራቸው ደግሞ አጥማጅ።

የሽምብጥ ልጅ — ሚያዝያ 14

እንኳን አደረሳችሁ። ቃል የገባሁላችሁ ነገር ባይኖርም መጨረሻውን ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ይለኛል።

በፋሲካ ዕለት እናታችን ቤት እንደ ወትሮው ተገናኘን፤ ዶሮው ላይ እንደ ወትሮው ተነካከስን። የደብተሩን ነገር አላነሣሁም። በማግስቱ ሰኞ ግን ወንድሜ በር ላይ መጥቶ «ሞተሩን ልሞክር ነው፤ እማዬን ይዘሽ ነይ» አለ። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ድምፁን ከሰማሁት አውቃለሁ።

እናታችን በነጠላዋ ተሸፋፍና መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ ሁለት ታንኳ በሩቁ፣ የደንገል ጉማጅ የመሰሉ። ወንድሜ ከኋላ ተነሥቶ «ነይ ያዢው፤ ሁልጊዜ ከዳር ሆነሽ ከምትሳደቢ» አለኝ። መሪውን ሰጠኝ። በሕይወቴ ሰጥቶኝ አያውቅም። የሞተሩ እጄታ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ በላብ ጠቁሮ የእጁን ቅርጽ ይዟል፤ ጣቶቼን በጣቶቹ ቦታ አስገባሁ። ወደ ግራ ስጫነው ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ ሳቀብኝ፤ ቶሎ ገባኝና አስተካከልኳት።

ክብራን ፊት ለፊት ስንደርስ እናታችን አየችኝ፣ አየችኝና «ምነው ይቺ ወንድ በሆነች!» አለች። ያቺ ቃሏ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

ወንድሜ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ቀና ሳይል «ወንድማ ብትሆን ክብራን ትገባ ነበር» አላት።

ሞተሩን ቀነስኩት። «ብገባ ምን አይ ነበር?» አልኩት።

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ደሴቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ያቺ የመጀመሪያ ፊደል ጅራት ስታስገርፈው የነበረውን ዓይነት ፊት ነው ያሳየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ።

«ግድግዳ ነው አልኩሽ እኮ» አለኝ።